የአያቴን ጥርስ ነክሼ

ልጅ ሳለሁ ለብዙ ጊዜ የአያቴን ጥርስ ነክሼ ስታገል ኖሬያለሁ። ለማጋነን ብዬ አይደለም። የትግል ፍራሹ ላይ ከመውጣቴ በፊት አፌ ውስጥ የማስገባት፣ ላብ በላብ ሆኜ የምነክሳት፣ ከግጥሚያ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ በመሀረብ የምጠቀልላት የጥርስ መከላከያ ከአያቴ ጥርስ ቀልጣ የተሠራች መሆኗን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም። በዓይኔ አይቼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ፣ ራሴ አገጣጥሜ የደረስኩበት ነው።

የኛ ቤት የጥርስ ቤት ነበር። አባቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ሐኪሞች የታካሚውን አፍ ልክ ወስደው ይልኩለታል፤ እሱ በግቢያችን ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ድዱን ከነጥርሱ ሠርቶ ይመልስላቸዋል። ክፍሏ ሁልጊዜ ጀሶና ሰም ትሸታለች። መደርደሪያው ላይ የብዙ ሰው አፍ በጀሶ ተቀርጾ ተደርድሯል፤ ገሚሱ የሚስቅ፣ ገሚሱ የተቆጣ ይመስላል። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ፈገግ ስትል የላይኛው ረድፍ ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር፤ ግን ትንፍሽ አልልም። አባቴ ገና ነፍስ ሳላውቅ ያስያዘኝ ሕግ አለ፦ “ከዚህ ክፍል የሰው አፍ አይወጣም።”

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ከረሜላ ሲመጡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ አፋቸው ውስጥ የቀረው ምላስ ብቻ ነበር ይላሉ ራሳቸው። ጥርሳቸውን የሠራላቸው አባቴ ነው። ድምፃቸው ግን የራሳቸው ነበር። የሥራ ጓደኞቻቸው “ክላክስ” ይሏቸው ነበር፤ መስኮት ዝቅ አድርገው ከጮኹ የመኪናው ጥሩንባ አያስፈልግም። ከግቢ በር “ልጄ!” ሲሉኝ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ከየቤቱ ይወጣሉ።

አንድ ዓመት ላይ ግን ድምፃቸው ዝግ አለ። ሲያወሩ ከንፈራቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ፤ ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ። እኔ ጨዋ መሆን የጀመሩ መሰለኝ። ሰው ሲያረጅ ጨዋ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። የሆነው ሌላ ነው፤ ድዳቸው ሸሽቶ ጥርሳቸው ላልቷል፤ ጮክ ሲሉ የላይኛው ረድፍ ወርዶ የታችኛውን ይመታል። አባቴ በተደጋጋሚ፣ “አባባ፣ ይስጡኝና ላስተካክለው” ሲላቸው ሰምቻለሁ። መልሳቸው አንድ ነበር።

“እስክትመልስልኝ ድረስ ምን ልሁን? በጡጦ ልጥባ?”

እኔ ደግሞ ትግል የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነው። አሰልጣኛችን ቀን ጎማ የሚጠግን፣ ወደ ማታ ልጆች የሚያሠለጥን፣ አንገት የሚባል ነገር ያልተሰጠው ሰው ነበር። አንድ ቀን ፍራሹ ዳር አሰልፎን፣ “ቅዳሜ ውድድር አለን። የጥርስ መከላከያ የሌለው ፍራሹን አይረግጥም” አለ። “ባለፈው ዓመት የአንዱን ጥርስ በአራት እግሬ እየዳኽኩ ስፈልግ ነው የዋልኩት። ዘንድሮ አልድህም።”

ወሬውን ለእናቴ ሳደርስ ዱቄት የሆነ እጇን በጨርቅ እየጠረገች አየችኝ። ጠመኔ ነው፤ አስተማሪ ናት። ትግሉን እንደማትወደው አውቃለሁ፤ ዝም ያለችው አያቴ ስለለመኑልኝ ነው።

“ስማ” አለችኝ። “የጥርስ ሠሪ ልጅ ጥርሱን አስወልቆ ቢመጣ ሰው ምን ይለናል? ለአባቱ ገበያ ሊያመጣለት ነው አይሉም? መከላከያው ልክህ ከሆነ ትገባለህ። ካልሆነ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ጨረስኩ።”

እናቴ “ጨረስኩ” ካለች የሚጨመር ነገር የለም።

አባቴ መከላከያ እሠራልሃለሁ ካለኝ ቆይቷል። ግን መደርደሪያው ሞልቷል፤ ሐኪሞቹ ይደውላሉ፤ የቤት ሰው ተራ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ስለዚህ እናቴና አያቴ ይዘውኝ ወደ ስፖርት ዕቃ መሸጫ ሄድን። ባለሱቁ ከኳሶች መካከል የተቀመጠ፣ እሱ ራሱ ሮጦ የሚያውቅ የማይመስል ሰው ነው።

“ለቦክስ ነው?”

“ለትግል” አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

“ማነው የሚታገለው? ይኼ?”

“ታዲያ እኔ ልታገልልህ?” አሉ አያቴ።

ባለሱቁ ሳቀና ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አስቀመጠ። አንደኛው ጠንካራ ነበር። ከፓኮው አውጥቶ መጉረስ ብቻ ነው፤ ግን ነክሰው ካልያዙት ይወድቃል።

“ሲተነፍስ ቢውጠውስ?” አለች እናቴ።

“እመቤቴ፣ የጫማ ሶል የሚያህል ነገር በየት በኩል ይዋጣል?”

ሁለተኛው ሰማያዊ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይለሰልሳል፤ ያኔ አውጥቶ ሲነክሱት የአፍን ቅርጽ ይይዛል። እኔ ዓይኔ ቀይ ነበር የሚፈልገው። የክለባችን ልጅ ድንችዬ ቀይ አለው፤ አፉን ሲከፍት እሳት የሚተፋ ይመስላል። ቀይ አልቋል።

“ከሁሉ የሚሻለው ሦስተኛው ነው” አለ ባለሱቁ። “እሱ ግን ሱቅ አይሸጥም። ጥርስ ሠሪ ነው ልክ ወስዶ የሚሠራው።”

እናቴና አያቴ ተያዩ።

“ሠሪውማ ቤት አለ” አለች እናቴ።

“አለ እንጂ” አሉ አያቴ። “እኛ ስንደርሰው ነው የሚጠፋው።”

ከዚያ አያቴ ሰማያዊውን አንስተው ያገላብጡት ጀመር። እንዲህ ለአንድ ዕቃ ሲጨነቁ አይቼ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ይጠይቃሉ።

“ውሃው ይፍላ ወይስ ይሙቅ?”

“ፈልቶ ትንሽ በረድ ሲልልዎት።”

“ከተነከሰ በኋላ ልክ ይሆናል?”

“እንደተሰፋ ነው የሚሆነው።”

“አይላቀቅም?”

“አባቴ፣ ቢታገል አይላቀቅ፣ ቢወድቅ አይላቀቅ።”

“ቢጮኽስ?”

ባለሱቁ ግራ ተጋባ። “ቢጮኽም።”

“በደንብ ቢጮኽም?”

“የፈለገውን ያህል ይጩኽ።”

አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አፈርኩ፤ ትግል ላይ ማን ይጮኻል? ዝም ብሎ መያዝ፣ ዝም ብሎ መጣል ነው። ግን ደግሞ ደስ አለኝ። ለኔ ሲሉ ያልታሰበውን ሁሉ እያሰቡ ነው አልኩ። የዚያን ቀን አያቴ የሚጠይቁት ለራሳቸው መሆኑን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበረብኝ።

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሥነ ሥርዓቱ ተጀመረ። እናቴ ውሃ አፈላች፤ ሰማያዊውን በማንኪያ ነከረች፤ አያቴ አጠገቧ ቆመው እያንዳንዱን ነገር እንደ ፈተና መርማሪ ይከታተላሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

“ንከስ!” አለች እናቴ። “አይ፣ ቀስ! በጣም አትንከስ! ንከስ እንጂ!”

ከሦስቱ ትዕዛዝ የትኛውን እንደሰማሁ አላውቅም፤ ባለ በሌለ ኃይሌ ነከስኩት። ስናወጣው ታችኛው ጥርሴ በላይኛው በኩል ብቅ ብሏል። ሰማያዊው ውበት የተረገጠ ጠርሙስ መሰለ።

አባቴ ከክፍሉ ሲወጣ ያገኘን እንደዚያ ሆነን ነው። አንስቶ ወደ መብራቱ አስጠጋው፤ ከዚያ አገጬን ያዝ አድርጎ አፌ ውስጥ አየ። በደንበኛ ዓይን ነበር ያየኝ።

“ባይበሳም አይሆነውም ነበር” አለ። “ክራንቻዎቹ ገና እየወጡ ነው። የዚህ ልጅ አፍ ሥራ ላይ ነው፤ ሲሠራ ለሚለዋወጥ አፍ ቦታ መተው ያስፈልጋል።” ሰማያዊውን አስቀመጠና፣ “በሉ፣ እኔ ነኝ የምሠራው” አለ።

“መቼ?” አለች እናቴ። “ውድድሩ ቅዳሜ ነው።”

“ዓርብ ይደርሳል።”

“ደንበኞችህስ?”

“ይጠብቁ።”

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ደንበኞች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ማንኪያ የሚመስል ብረት ላይ ቀዝቃዛ ሊጥ ሞልቶ አፌ ውስጥ አስገባ። ሊጡ እስከ ጉሮሮዬ የደረሰ መሰለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

“በአፍንጫህ ተንፍስ። እኔን እየኝ። ጣትህን አንቀሳቅስ፤ ጣቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው አያስመልሰውም።” አውራ ጣቱ ጉንጬ ላይ ነበር፤ ጀሶ የነካው ሻካራ አውራ ጣት። “አየህ? አዋቂዎቹ እንኳ እንዳንተ አይችሉትም።” ለሁሉም እንደሚለው ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን አመንኩት፤ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ቀጥ ብዬ ስሄድ ዋልኩ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ወጥ ቤት ገባሁ። አያቴ ምድጃውን በጀርባቸው ከልለው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ድስት ይተናል። ጠረጴዛው ላይ የሰማያዊው መከላከያ ባዶ ፓኮ ተከፍቶ ተቀምጧል።

“አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?”

“እምም” አሉ፤ አፋቸው ግጥም እንዳለ።

“እንቁላል ነው?”

ራሳቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቁ፤ ከዚያ ወደ ጎን ነቀነቁ፤ ከዚያ በእጃቸው ወደ ውጭ አመለከቱኝ። ወጣሁ። በመስኮት ሳይ በማንኪያ የሆነ ነገር አውጥተው እፍ እያሉበት ነበር። እንቁላል አለመሆኑን ብቻ አየሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የአባቴ ክፍል በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ልገባ ስል የአያቴን ጀርባ አየሁና ቆምኩ። አባቴ መብራቱን ዝቅ አድርጎ መዳፉ ላይ ያለውን ነገር ያያል። የአያቴ ጥርስ ነው። ሮዝ ድዱ፣ ነጩ ጥርስ፣ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ የማየው። በሰው መዳፍ ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

“አባባ፣ ይኼ ከዚህ በኋላ አፍዎ ውስጥ አይገባም” አለ አባቴ።

አያቴ አፋቸውን በእጃቸው እንደሸፈኑ ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ሆነ፤ እንደ ንፋስ ያለ። “አዲስ ለመሥራት ስንት ቀን ይፈጃል?”

“እሱማ አሁን ብጀምር ለቅዳሜ ይደርሳል። ያኔ ግን የልጁ አይደርስም። ማብሰያ ሣጥኔ አንድ ነው፤ አንዱን ነው ማውጣት የምችለው።”

አያቴ ብዙም አላሰቡም።

“የልጁ ይቅደም። እኔ ሾርባ እጠጣለሁ።”

“ቅዳሜስ? እንዴት ሊሄዱ ነው?”

“ዝም ብዬ እቀመጣለኋ።” ቀጠሉና፣ “ለሚስትህ እንዳትነግራት። ለልጁም” አሉ።

“ከዚህ ክፍል የሰው አፍ አይወጣም” አለ አባቴ፤ ጥርሱንም ሮዝ ዱቄት ካለበት ሳህን አጠገብ በቀስታ አስቀመጠው።

እኔ በጣቴ ጫፍ እየሄድኩ ከበሩ ራቅሁ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አባቴ ዕቃ አንሶታል፤ ጊዜ የለም፤ አያቴ ጥርሳቸውን ለኔ ሰጥተዋል።

በማግሥቱ ነገሩ ሁሉ ያሰብኩትን አረጋገጠልኝ። አባቴ የነሐስ ሣጥኑን ከሚፈላው ውሃ አውጥቶ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ከፍቶ ጀሶውን በትንሽ መዶሻ እየሰበረ ውስጥ ያለውን አወጣ። ወጣች። ሮዝ ናት። አያቴ ሲስቁ የማየው ያው ድድ፣ ያው ቀለም። ወደ ሳህኑ አየሁ፤ የአያቴ ጥርስ የለም። ነጮቹን ነቅሎ ሮዙን አቅልጦታል አልኩ በልቤ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አባቴ ያለው ለስላሳ ዕቃ ሮዝ ብቻ መሆኑን፣ የአያቴ ጥርስ ደግሞ እናቴ እንዳታየው መሳቢያ ውስጥ መግባቱን ማን ይንገረኝ?

ጠርዟን ሞረደ፤ አጠባት፤ “ንከስ” አለኝ።

ነከስኩ። አብራኝ የተወለደች ይመስል ግጥም አለች። ያኔ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

“አመመህ?” አለ አባቴ ደንግጦ። አውጥቶ ሞረዳት። “አሁንስ?”

አሁንም አለቀስኩ።

“የት ጋ ነው የሚቆረቁርህ? አሳየኝ።”

ምን ብዬ ላሳየው? ዝም ብዬ አንድ ቦታ በጣቴ ነካሁ። እሱም ምስኪን ምንም ያልቆረቆረኝን ቦታ እየሞረደ፣ በጣቱ እየዳሰሰ፣ እንደገና እየሞረደ አመሸ። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሳሳ ያለች ናት።

እራት ላይ አያቴ ሾርባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ፊታቸው ትንሽ ሆኗል።

“አባባ፣ ጥርስዎ የት አለ?” አለች እናቴ።

“እኔ ጋ ነው” አለ አባቴ ቶሎ ብሎ። “ላስተካክለው ተቀብያቸዋለሁ።”

እናቴ አንዴ አባቴን፣ አንዴ አያቴን አየች። ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ውሃ ልጠጣ ብዬ ስከተላት ትንሹን ድስት በእጇ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የሹራቧን እጅጌ በጥርሷ ነክሳለች። እሷም አውቃለች ማለት ነው፤ ለአባቷ እያለቀሰች ነው። ሳትሰማኝ ተመለስኩና የራሴን ዳቦ ሾርባ ውስጥ እያራስኩ በላሁ። አያቴ ሲያዩኝ ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

ያን ሌሊት አንድ ነገር ለራሴ ቃል ገባሁ። አሸንፋለሁ። ጥርሳቸውን አፌ ውስጥ ይዤ ከተሸነፍኩ ሰው አይደለሁም።

ቅዳሜ አዳራሹ ላብና የጎማ ሽታ ሞልቶታል። በክብደት ሲመድቡን የደረሰኝ ድንችዬ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተራችንን ስንጠብቅ ቀዩን አፉ ውስጥ እያስገባ እያወጣ መሀረቤን አየ።

“ያንተስ? ምን ቀለም ነው?”

ገለጥ አደረግሁለት።

“ሮዝ!” አለና ሳቀ። “ድድ ይመስላል።”

“ነዋ።”

“ምን?”

“ድድ ነዋ። የአያቴ ነው።”

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። “የአያትህ ምኑ?”

“ጥርሳቸው። ለኔ ብለው ነው የሰጡኝ። አባቴ አቀለጠው።”

ድንችዬ መሀረቡን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረ። አያቴን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። በእናቴና በአባቴ መካከል፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ ጉንጫቸው ገብቶ ተቀምጠዋል። ድንችዬ አንድ ክንድ ያህል ከኔ ፈቀቅ አለ። ዛሬ ጓደኛዬ ነው። ያን ቀን አፌን ስከፍት እንዳይነካው ይፈራ እንደነበር ነግሮኛል።

ፍርሃቱ ግን ብዙ አልጠቀመኝም። ፉጨቱ እንደተነፋ አንስቶ ጣለኝ። ተነሳሁ፤ ደገመኝ። ፍራሹ ጉንጬን ፋቀው፤ ጆሮዬ ጮኸ። በአፌ ያለው ነገር ብቻ ነበር ያልተንቀሳቀሰ። ሦስተኛ ጊዜ ስነሳ በሩቁ አያቴን አየኋቸው። ወንበራቸው ጫፍ ላይ ናቸው፤ እጃቸው አፋቸው ላይ ተጣብቋል፤ ዓይናቸው ግን ከኔ ጋር ይታገላል። አሳፈርኳቸው አልኩ።

ያኔ ተነሱ። እጃቸው ከአፋቸው ወረደ።

የጮኹትን ነገር በአዳራሹ ውስጥ የተረዳ ሰው ያለ አይመስለኝም። ክላክስ ነው የተነፋው፤ ጥርስ የሌለው፣ ቃሉ ሁሉ በንፋስ የተሞላ ክላክስ። ሕዝቡ ዞረ፤ ከኋላ ያሉት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። አያቴ አፋቸውን አልሸፈኑም። ያንኑ ቃል ደግመው ደጋግመው ጮኹት። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ግቢያችን ውስጥ፣ በልብስ ማስጫው ሥር፣ እሳቸው በወንበር ተቀምጠው እኔ ከትራስ ጋር ስታገል ሁልጊዜ የሚሉኝ ነው።

ዝቅ በል። ዝቅ፣ ልጄ፣ ዝቅ።

ዝቅ አልኩ። ድንችዬ ሊይዘኝ ሲመጣ በሥሩ ገባሁና እግሩን አቀፍኩ። ነከስኩ፤ ባለኝ አቅም ሁሉ ነክሼ ወደ ላይ ገፋሁ። ቀዩ መከላከያ ከድንችዬ አፍ ወጥቶ ፍራሹ ላይ ሲንከባለል አየሁ። ወደቀ። እላዩ ላይ ነበርኩ።

ግን ረፍዶ ነበር። ፉጨቱ ተነፋ፤ ነጥቡ ተቆጠረ፤ ዳኛው የድንችዬን እጅ አነሳ።

አሰልጣኙ ጭንቅላቴን በጎማ ጠጋኝ መዳፉ ደቆስ አድርጎ፣ “ጥርስህ አለ?” አለኝ። ከፈትኩለት። “በቃ፣ አልዳኽኩም” ብሎ ሄደ።

ቤተሰቦቼን ያገኘኋቸው ኮሪደሩ ላይ፣ ቧንቧው አጠገብ ነው። ማንም ሳያናግረኝ ወደ ቧንቧው ሄድኩ። መከላከያዋን አውጥቼ በደንብ አጠብኳት። ደም የለባትም። በመሀረቡ ጠቅልዬ በሁለት እጄ ለአያቴ ዘረጋሁላቸው።

“አባባ፣ መልሰው ይውሰዱት” አልኩ። “ተሸንፌያለሁ።”

“ምኑን?”

“ጥርስዎን። አላበላሸሁትም።”

አያቴ መሀረቡን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አባቴን አዩት። አባቴ በድንገት የኮሪደሩ ጣሪያ አሠራር ያስደነቀው ሰው መሰለ። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ እንደ ትናንት ማታው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

አያቴ ጎንበስ አሉና ጣቶቼን አንድ በአንድ መሀረቡ ላይ አጠፏቸው።

“ያዘው” አሉ፤ በዚያ ጥርስ በሌለው ድምፃቸው። “እኔ ጋ ዳቦ ከማኘክ በቀር ምን ይሠራል? አንተ ጋ ቢሆን ይታገላል።” ከዚያ ቀጠሉ፦ “ብቻ አደራ፤ ሙቅ ውሃ እንዳታስነካው።”

በቀጣዩ ሳምንት አያቴ አዲስ ጥርስ አወጡ። አባቴ ከመደርደሪያው የተረፈውን ሰብስቦ ሠራላቸው ብዬ አሰብኩ፤ ይህም አንጀቴን በላው። ለኔ የሰጡኝን የተካው ትርፍራፊ ነው ማለት ነው። ግን አዲሶቹ ልክ ነበሩ። ክላክሱ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩኝ ግጥሚያዎች ሁሉ ተነፋ፤ ዳኛው ሁለቴ “እኚህን ሰውዬ ዝም አሰኙልኝ” ያለበት ቀን አለ። አፌ ሲያድግ አባቴ ሌሎች ሠራልኝ፤ ግልጽ፣ ነጭ፣ አንድ ጊዜም ቀይ። ሮዟ ጠበበችኝ እንጂ አልጣልኳትም። ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ሆና ትከተለኝ ነበር። አያቴም ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

“ጥርሴ ደህና ነው?”

“ደህና ነው አባባ።”

“ሙቅ ውሃ እንዳታስነካው።”

እውነቱ የወጣው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ፣ ለዕረፍት ስመጣ ነው። አንድ ጓደኛዬን ይዤ መጥቼ የአባቴን ክፍል እያሳየሁት ነበር። ሮዟን ከኪሴ አውጥቼ ታሪኳን ነገርኩት፤ ድምፄም ትንሽ ተሰበረ። አባቴ የያዘውን ሞረድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መጀመሪያ ያስነጠሰው መስሎኝ ነበር። ሳቁ ሲያሸንፈው የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለ፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ጓደኛዬን በትህትና ወደ ግቢ ሸኘውና በሩን ዘጋ።

“ከዚህ ክፍል የሰው አፍ አውጥቼ አላውቅም” አለ። “ይኼን ግን ስማኝ፤ ለሌላ ሰው እንዳትነግር።”

መሳቢያውን ጎትቶ ከሥር አንድ ነገር አወጣ። የአያቴ ጥርስ ነው፤ ያኔ መዳፉ ላይ ያየሁት። በብርሃን ሳየው ጠማማ ነው፤ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጣሟል።

“ቀቀሉት” አለ አባቴ።

“ምን?”

“ድስት ውስጥ ቀቀሉት። የላላ ጥርሳቸው እንደ መከላከያህ ለስልሶ ልክ የሚሆን መስሏቸው። ባለሱቁ ነው አሉ የነገራቸው። ሲነክሱት እንደዚህ ሆነ። እናትህ ድስቱ ሥር የጥርስ ፍንካች አግኝታ ዓርብ ማታ እዚህ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነው የሳቀችው።”

ወጥ ቤት ውስጥ የተንቀጠቀጠው ትከሻ ትዝ አለኝ።

“ግን ለምን?” አልኩ። “አንተ አስተካክላለሁ ስትላቸው እምቢ ያሉ ሰውዬ?”

አባቴ ጠማማውን ጥርስ መዳፉ ላይ አገላበጠው። ሳቁ ፊቱ ላይ ነበር፤ ድምፁ ውስጥ ግን አልነበረም።

“ቅዳሜ ሊጮኹልህ ነበራ። በሰው ፊት ሲጮኹ ወጥቶ እንዳይወድቅባቸው ፈርተው።”

ሮዟን በመሀረቧ ጠቅልዬ ከክፍሉ ወጣሁ። አያቴ ግቢ ውስጥ፣ በልብስ ማስጫው ሥር፣ ፀሐይ ላይ ወንበራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ጓደኛዬን አንድ የመኪና ወሬ ጀምረውለት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። እኔን ሲያዩ ወሬውን አቋረጡ።

“ጥርሴ ደህና ነው?”

“ደህና ነው አባባ” አልኩ። “ትናንት አጥቤዋለሁ።”

“በቀዝቃዛ?”

“በቀዝቃዛ።”

“ጎሽ። ሙቅ ውሃ እንዳታስነካው።”

አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ፤ ከዚያ ከኋላዬ የተዘጋውን የአባቴን ክፍል በር አዩ፤ እንደገና እኔን። አዲሱ ጥርሳቸው ልክ ነው፤ አይላላም፤ ቢጮኹም አይወድቅም። እጃቸው ግን ቀስ ብሎ ተነሳና፣ እንደዚያ ዓመት፣ አፋቸውን ሸፈነ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።